በ«ወረድኩ» እና በ«ወጣሁ» መሃል

ሰው ሁሉ ኔትወርክ ፍለጋ ሲንከራተት፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኔትወርክ የሌለበትን ቦታ ስፈልግ ነው። እንጀራዬ ይኸው ነው። መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ላፕቶፕ ጭኔ ላይ፣ አራት ስልኮች ዳሽቦርዱ ላይ፣ አንቴና ጣሪያው ላይ። ስልኮቹ በራሳቸው ይደውላሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደግሞ ይደውላሉ፤ እኔ መስመሩ የት ላይ እንደተቆረጠ አያለሁ። ሥራው ድራይቭ ቴስት ይባላል። እናቴ ግን እስካሁን ለሰው የምታስረዳው «መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ስልክ ታያለች» እያለች ነው። እውነቷን ነው፣ ምን ልበላት! ወገቤን ግን እሷ አታውቀውም። የዚህን አገር ኮረኮንች አንድም ሳይቀር የሚያውቀው ወገቤ ነው።

ለብዙ ዓመት የሠራሁት ትልቁ መንገድ ላይ ነበር፣ ወደ ደቡብ ወርዶ ኬንያ ድንበር የሚደርሰው ላይ። ዕቅዱ ሲነገር ደስ ይላል። ከባድ መኪናው ላይ የተገጠመው መሣሪያ ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነቱን፣ ፊት ለፊት ያየውን አደጋ ለማዕከሉና ከኋላው ለሚመጣው መኪና ሳያቋርጥ እንዲናገር ነው። ድንበር ሲሻገርም የዚህኛው አገር ታወር ለዚያኛው አገር ታወር እንደ ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብለዋል፤ አየር ላይ መውደቅ የለም። ለዚያች ቅብብሎሽ ስንት ስብሰባ ተቀመጥን! ከሁለት አገር የመጣ ሰው ክራቫቱን አስሮ ስለ ሁለት ሰከንድ ሲከራከር ይውላል። እኔም አብሬ ስከራከር ኖርኩ። በመጨረሻ ደከመኝ። ድካም ስል ተኝተው የሚነሱበትን ድካም ማለቴ አይደለም፤ ጠዋት ተነስተው ጫማ ሲያስሩ የሚጀምረውን ነው።

ከዚያ ወደ አገሬ ላኩኝ። የተወለድኩት ሆሳዕና ነው። ወላጆቼ ከጉራጌ መጥተው ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ ሱቁ ዛሬም አለ፣ እናቴም ዛሬም ከባንኮኒው ኋላ አለች። ወደ ትልቁ መንገድ የሚገቡት ትንንሾቹ መንገዶችም ይለኩ ተባለ፤ ዝንጅብሉና ድንቹ የሚጫነው፣ አምቡላንሱም የሚመላለሰው በእነሱ ነውና። የኔ ድርሻ ከሆሳዕና በአንጋጫ አድርጎ ዱራሜ፣ ከዱራሜም ሾኔ የሚያደርሰው ሆነ። ለዚህ ሁሉ መንገድ የተመደበው ታወር አንድ ነው። አንድ! ደንቡ ቀላል ነው፤ መንገዱ በቁራጭ በቁራጭ ይለካል፣ ከሁሉም የባሰበት ቁራጭ ታወሩን ይወስዳል። ይህን ሪፖርት ሳስረክብ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ወንበር እንደሚጠብቀኝ አለቃዬ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ቀን ከሌት የማስበው ስለዚያ ወንበር መደገፊያ ብቻ ነበር።

ሹፌሬ ከዱራሜ ወዲህ የሚኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ ሰውዬ ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ኢንጂነር» ይሉኛል፤ ሲያዝኑልኝ ደግሞ «ልጄ»። ከምባታ ናቸው፣ ሚስታቸው ሀዲያ። በከምባትኛ ይጸልያሉ፣ በሀዲይኛ ከሚስታቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ፣ በአማርኛ እኔን ይመክራሉ። ቁልፉን ሳያዞሩ በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ለመኪናው፣ ለኔ፣ ለስልኮቹም ሳይቀር ይጸልያሉ። እኔ ስቸኩል «ኢንጂነር፣ አሜን ሳትይ አንነሳም» ይሉኛል። አሜን እልና እንነሳለን።

መንገዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ዞኖች የሚዋሰኑበት፣ ጥልቅ ሸለቆ አለ። የወዲህ ታወር ከአናቱ በላይ ያያል፣ የወዲያውም እንደዚያው፤ ታች ለወረደ ሰው ግን ሁለቱም የሉም። የወዲህኛውን ቢሮ ስትጠይቅ «የወዲያኞቹ ነው»፣ የወዲያኛውን ስትጠይቅ «የወዲህኞቹ ነው»። በሁለት አገር ድንበር ላይ ሰከንድ ስቆጥር ኖሬ፣ እዚህ በሁለት ዞን ድንበር ላይ መስመሩ ጭራሽ ይሞታል። ሸለቆው ውስጥ ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ አጠገብ ትንሽ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ደግሞ የጋሼ አንድያ ልጅ። አዋላጅ ነርስ ናት። ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ሆስፒታል ለመላክ አምቡላንስ መጥራት አለባት፤ አምቡላንስ ለመጥራት ደግሞ አንድ ሰው አፋፉ ድረስ ሮጦ መውጣት አለበት። ባለፈው ክረምት ሯጩ አፋፉ ላይ ደርሶ ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርግ እናትየዋ ታች አርፋለች። ጋሼ ይህን የነገሩኝ የመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ታወሩ እዚህ ቢተከል ልጄ እንቅልፍ ታገኛለች» አሉና ማርሽ ቀየሩ።

በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት አለ። ሸለቆው አፋፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለህ፤ ሚኒባስም ብትነዳ፣ ሲኖትራክም ብትነዳ፣ ሞተርም ብትነዳ ትቆማለህ። ለሚጠብቅህ ሰው ትደውልና «ወረድኩ» ትላለህ። ሌላ ወሬ የለም። ትወርዳለህ፣ ድልድዩን ትሻገራለህ፣ ወዲያኛው አፋፍ ላይ ስትወጣ ደግሞ ትቆምና «ወጣሁ» ትላለህ። «ወረድኩ» ብሎ «ወጣሁ» ያላለ ካለ፣ የሚጠብቀው ሰው ጥቂት ይታገሣል፤ ከዚያ ጎረቤት ይጠራና ቃሬዛ ይዘው ይወርዳሉ። መንገዱ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፣ ገደሉም ቀልድ አያውቅም። ስልክ የሌለውም ስልክ ባለው ያስነግራል። አንድ ጊዜ አንዲት ነጋዴ በሰው ስልክ «ወጣሁ፤ በይ ድንቹን ጣጂው» ስትል ሰምቼ ሳቄ አመለጠኝ።

እኛም እንደ ሰዉ ቆምን። በለካሁባቸው ቀናት ሁሉ ጋሼ በሁለቱም አፋፍ ላይ ያቆሙ ነበር፤ ለሚስታቸው ይደውላሉ፣ ከዚያም መኪናዋን ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ ጎማ ይረግጣሉ፣ መስታወት ይወለውላሉ። እኔ ወርጄ ወገቤን አፍታታለሁ። እዚያ በቆሎ የምትጠብስ፣ ሻይም የምታፈላ ሴትዮ አለች፤ ሻይ እጠጣለሁ። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር የሚያባርራቸው ይመስል ይበሩ ነበር። «ጋሼ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ!» ስላቸው «ዝናብ ሳይቀድመን» ይሉኛል። ሰማዩን ባየው ጥርት ያለ ነው። ምን ገዶኝ! ቶሎ ካለፈ ቶሎ አለቀ አልኩ።

ደንቡን አላውቅም እንዳልል፣ ለሌሎች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መኪናው በአንድ ፍጥነት ይነዳል፤ መኪናው ከቆመ ምዝገባውም መቆም አለበት። ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ነው የሚጽፈው። ኔትወርክ ባለበት ቦታ ቆመህ ሻይ ስትጠጣ እሱ «አለ፣ አለ፣ አለ» እያለ ገጹን ይሞላዋል፤ ኔትወርክ በሌለበት ስትበር ደግሞ «የለም» ለማለት ጊዜ አያገኝም። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ምዝገባውን አንድ ጊዜ ካቆምከው ለማስነሳት ትለምነዋለህ። ሳላቆመው ቀረሁ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁሉንም ቀን። የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ማለት እችላለሁ፣ ግን እውነቱ ሰልችቶኝ ነበር።

ሪፖርቱን የጻፍኩት ሆሳዕና እናቴ ቤት፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ኮምፒውተሩ የሸለቆውን ቁራጭ ደመረና አረንጓዴ አደረገው። አልፏል። ተነስቼ ቁጭ አልኩ። እንዴት ያልፋል? ስልኮቹ እዚያ ሲሞቱ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ! ነገ አየዋለሁ ብዬ ላፕቶፑን ከደንኩት። ነገ ሲሆን አለቃዬ ደወለ፣ «ወንበርሽ አቧራ ጠጣ» አለኝ፣ ሳቅሁ፣ ፈረምኩ፣ ላክሁ። ታወሩ በዚያው መንገድ ከተማ ዳር ላለ ሌላ ቁራጭ፣ ስልክ አልፎ አልፎ ለሚቆራረጥበት፣ ታሰበ።

ጋሼ በየሁለት ቀኑ ይደውሉ ነበር። «ኢንጂነር፣ ፈተናው ወጣ?» ይሉኛል። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ «ጋሼ፣ የሸለቆው መንገድ አልፏል» አልኳቸው፤ እንዴት እንደማስረዳቸው ቃል እየፈለግሁ።

«አለፍን?»

«አልፏል፣ ግን...»

«እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺ፣ ነይ ስሚ፣ አልፈናል!» ስልኩን ለሚስታቸው ሰጧት። ሴትዮዋ ጆሮዬ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው። ከእልልታው በኋላ ቅዳሜ እቤታቸው እንድመጣ ተነገረኝ እንጂ አልተጠየቅሁም። መናገር ነበረብኝ፣ እዚያው፣ ያኔውኑ። ቅዳሜ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ፈሪ ሁልጊዜ የተሻለ ቀን ያገኛል።

ቅዳሜ ሄድኩ። ቤታቸው ከወዲያኛው አፋፍ ብዙም አይርቅም። በግ ታርዷል። ሚስትየዋ አተካና ሠርታለች፤ ቡላው በቅቤና በአይብ ተለውሶ፣ ለክብር እንግዳ የሚቀርበው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በአግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ልጃቸውም ከጤና ጣቢያው ሽቅብ መጥታለች፤ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ቀጭን፣ እንደ እኔው የደከማት ሴት። አንዱ ሽማግሌ ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ እኔንም፣ መሥሪያ ቤቱንም፣ የሚመጣውንም ታወር ባረኩ። እኔም ከሰዉ ጋር አሜን አልኩ።

ከዚያ ጋሼ ተነሱና ለሰዉ ያወሩ ጀመር። «ኢንጂነር አላየችኝም» አሉ እየሳቁ፣ «እኔ ግን ሠርቻለሁ። ስልኩ ደህና የሆነበት ቦታ ላይ ቆምኩላት። ጎማ አየሁ፣ መስታወት ጠረግሁ፣ ጊዜ ሰጠሁት። መጥፎው ቦታ ላይ ደግሞ ሮጥኩ፣ ብዙ እንዳያይብን! ልጅ ፈተና ሲቀመጥ የማያውቀውን ጥያቄ ቶሎ ያልፋል፣ የሚያውቀው ላይ ይቆያል። መንገዳችን እንዳይዋረድ፣ ማርኩ እንዲያምር። ይኸው አለፍን!»

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡላቸው። እኔ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ጉድ ፈላ! ሰውየው ቤቱን ለእንግዳ እንደሚያሰናዳ ሰው፣ የተቀደደውን ምንጣፍ በደህናው ሸፍነውልኝ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ሻዬን እየጠጣሁ አብሬ ሸፍኛለሁ።

ቀድማ ፊቴን ያየችው ልጅቷ ናት። «እህቴ» አለች፣ «ማለፍ ማለት ምን ማለት ነው?»

ነገርኳቸው። ያለፈ መንገድ ደህና ነው ተብሎ እንደሚተው፣ ታወር የሚሰጠው ለወደቀው እንደሆነ፣ የባሰው እንደሚቀድም፣ እነሱ ደግሞ አልፈው እንደወጡ። ምዝገባውን ማቆም የነበረብኝ እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። ማንን እንዳሉ አላውቅም፣ ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።

ጋሼ እጃቸው ላይ ያለውን ቅቤ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው «መውደቅ ነበር ያለብን?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ መውደቅማ እናውቅበታለን።»

ወጥቼ አፋፉ ላይ ቆሜ ለአለቃዬ ደወልኩ። ዝርዝሩ የሚዘጋው ሰኞ ጠዋት ነው አለኝ። «ድጋሚ ከለካሽ ተቀበልኩ። ግን ቅጹ ላይ የመጀመሪያው ለምን ተበላሸ የሚል ቦታ አለ፤ ምክንያቱ ከነጥፋተኛው ስም ይጻፍበታል። ወንበሩንም ታውቂዋለሽ።» አውቀዋለሁ። ተመልሼ ለጋሼ ነገ እንንዳ አልኳቸው። በሕይወታቸው እሑድ ነድተው አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «በሬ ጉድጓድ ከገባ በሰንበትም ይወጣል» አሉ። «ከጉባኤ መልስ።»

እሑድ ከቸርች መልስ፣ ሱፋቸውን እንደለበሱ መሪውን ያዙ። ከቤታቸው ተነስተን ወደ ሆሳዕና አቅጣጫ ነው የምንወርደው። ሚስትየዋ በር ላይ ቆማ «ስትወጡ ደውሉ» አለች። እኔ ደግሞ ለጋሼ ትእዛዜን ሰጥቻለሁ፤ ፍጥነት አይለዋወጥም፣ መቆም የለም፣ ስልክ መንካት የለም። ጋሼ ባለፈው የተበላሸው ዛሬ እንዳይደገም ብለው የራሳቸውን ስልክ አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት።

ወረድን። ቀስ ብለን፣ በአንድ ፍጥነት። ስልኮቹ ተራ በተራ ሞቱ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ፣ ቀይ፣ ቀይ። እንደዚያ ቀን ቀይ ሳይ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ድልድዩን አለፍን፣ ጤና ጣቢያውን አለፍን፣ ወዲህኛው አፋፍ ላይ ወጣን። በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ መኪናችንን አይታ ብርጭቆ አነሳች። ጋሼ እግራቸው ፍሬኑ ላይ ሄደ።

«ወጣሁ ልበላት?»

«ጋሼ፣ እንዳይቆሙ!»

«አንድ ቃል ነው እኮ፣ ኢንጂነር።»

«ስንመለስ ያገኟታል። ይቀጥሉ።» በቁጣ ነበር ያልኩት። ሴትዮዋ ብርጭቆውን እንደያዘች በመስታወት ውስጥ ወደ ኋላ ቀረች። ጋሼ እጃቸው ስልክ ከገባ ወዲህ በዚያ መንገድ ሳይደውሉ ያለፉበት የመጀመሪያው ቀን ነው። እስከ ቁራጩ መጨረሻ ድረስ ነዱ፤ እዚያ አዙረን ተመለስን።

ሁለተኛውን ዙር ስንወርድ ድልድዩ ላይ ሰው ሞልቷል። ሃያም ይሆናሉ፣ ሠላሳም። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመዋል። የቸርች ልብሳቸውን ያልቀየሩ ሴቶች፣ ገመድ የያዘ ሽማግሌ፣ ከፊት ልጅቷ የጤና ጣቢያውን ቦርሳ አንግታ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ እናቷ፤ አንድ እግሯ ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ጫማ። መኪናዋን ስታይ ቆመች። ጋሼ ፍሬን ያዙ፣ ምን ያድርጉ!

ሴትዮዋ መጥታ በሁለት እጇ ኮፈኑን መታችው። «ለምን ወጣሁ አላልክም? ለምን አላልክም? ስደውል ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች! ገደል ገባህ ብዬ!» እያለች አለቀሰች። ጋሼ ወርደው እጇን ያዙ። ሰዉ ቃሬዛውን መሬት ላይ አስቀመጠና መሳቅ ጀመረ፤ ከሞት የተረፈ ሰው ሲያዩ የሚሳቀውን ሳቅ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። «ወጣሁ» እንዳይባል የከለከልኩት እኔ ነኝ። የሁለት አገር ሰው ስለ ሁለት ሰከንድ ሲከራከር ስሰማ የኖርኩ ሰው፣ ለአንዲት ቃል ቦታ ነፈግሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ያኔ ነው ጭኔን ያየሁት። ምዝገባው አልቆመም። ሸለቆው መሃል፣ ከሁሉም በከፋው ቦታ ቆመናል፤ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያለ ይጽፋል። ልጅቷ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ቀይ ለኛ ጥሩ ነው?»

«ለናንተ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ይቀጥላ» አለች። አልፈረድኩባትም። ባለፈው ክረምት ያረፈችውን እናት በእጇ ይዛ የነበረችው እሷ ናት።

ያን ጊዜ ሳላቆመው ቀርቼ ታወሩን ከለከልኳቸው፤ አሁን ሳላቆመው ብቀር እሰጣቸዋለሁ። ያው ሻዬን እንደምጠጣ ዝም ማለት ነው። አንድ ሰው አዲስ አበባ ፋይሉን ከፍቶ «ቆመው ነው የለኩት» ካለ ግን ሁሉም ይጣላል። ይህን እያሰብኩ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ፤ ከማሰብ ይልቅ ድካም ነበር የያዘኝ። ጋሼ ሚስታቸውን እንደያዙ ዞር አሉና ምን እንደማይ አዩ።

«አቁሚው፣ ልጄ» አሉ። «ሳናጭበረብር እንውደቅ።»

አቆምኩት። ላፕቶፑን ለምኜ መልሼ አስነሳሁትና ቀሪውን ሽቅብ ለካን። አፋፉ ላይ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ጋሼ ስልካቸውን ከፈቱ። የሚደውሉላት ሴት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቢሆንም ደወሉ፤ ስልኳ ጭኗ ላይ ጮኸ፣ አነሳችው። «ወጣሁ» አሏት። «ሰማሁ» አለችና ዘጋችው።

ቅጹን እዚያው ምሽት ጻፍኩ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ሹፌሩ መመሪያ አላከበረም» ብል ማንም ያምነኝ ነበር፤ እንደዚያ ተብሎ የተጻፈ ስንት ቅጽ አይቻለሁ! ስሜን ጻፍኩ። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ወጣት ነው፣ ወገቡም ደህና ነው ይባላል። ሸለቆው ወደቀ፣ ያውም ከሁሉም በታች። ታወሩን ለመትከል ደግሞ መሬቱ የማን ዞን ነው በሚል ክርክር አንድ ክረምት ሙሉ አለፈ። እኔ ሌላ መንገድ ተሰጠኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ።

በቀደም ከሙዱላ ወዲያ በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ሌላ ሹፌር፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ወገብ። መኪናዋን አቁመን፣ ምዝገባውንም አቁሜ (አሁን ሁልጊዜ አቆማለሁ) ውሃ ስጠጣ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ከኋላቸው የሰው ድምፅ አለ፣ የውሃ ድምፅ አለ፣ የምታለቅስ ሕፃን አለች።

እኔ ከልማድ «ጋሼ፣ ወጡ?» አልኳቸው።

«አልወጣሁም፣ ልጄ» አሉኝ። «እዚሁ ታች፣ ድልድዩ አጠገብ ነኝ።»